ከአያቴ ሣጥን የወጣው የናስ ቀለም ዕቃ፦ ከየት መጣ? እንዴትስ ይጠበቅ?

የወረባቦ ልጅ፦

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። አያቴ በሕይወት ሳሉ የቁርኣን አስተማሪ ነበሩ፤ ከዚያም ሌላ የቀበሌያችን ሰው ውሉን፣ ደብዳቤውንና ኑዛዜውን የሚያስጽፈው እሳቸው ዘንድ ነበር። በቅርቡ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሣጥናቸውን ሲከፍት በቆዳ ከረጢት ውስጥ አንድ የናስ ዕቃ ወጣ። ርዝመቱ ከስንዝር ጥቂት ያልፋል፤ አራት ማዕዘን ቀጭን ቱቦ ሲሆን በአንድ ጫፉ በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን አለው፤ በዚያው ጫፍ ጎን ላይ ደግሞ የራሱ ክዳን ያላት ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ተበይዳለች። ቱቦው ውስጥ የመቃ ብርዖች አሉ፤ የአንደኛው ጫፍ አልቆ ደንዝዟል። ትንሿ ዕቃ ውስጥ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ነገር ይታያል፤ ከእሱም ጋር እንደ ፀጉር የተወሳሰበ ክር መሰል ነገር ተጣብቋል።

ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ የባሩድ መያዣ ነው ይላሉ። ባቲ ገበያ የሚነግድ አንድ ሰው ደግሞ በሎሚና በአመድ ፈትገን ብናበራው በጥሩ ዋጋ እንደሚገዛን፣ ከአገር ውጭ ፈላጊ እንዳለውም ነግሮናል። እኔ እስካሁን ምንም አልነካሁትም። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ መጽዳት እንዳለበትና እንደሌለበት፣ የእኛ አገር ሰው እስክሪብቶ ከመምጣቱ በፊት በምን ይጽፍ እንደነበረ የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ጦሳ ሥር፦

ወንድሜ፣ ሳትነካው መጠየቅህ በጣም ጥሩ አድርገሃል። የገለጽከው ዕቃ በኦቶማን ቱርክ ግዛት ጸሐፊዎች፣ ቃዲዎችና ነጋዴዎች በመቀነታቸው ሰክተው ይዘውት ይዞሩ የነበረው የብርዕና የቀለም መያዣ መሆኑን የሚያጠራጥር ነገር አይታየኝም። ቱርኮች ዲቪት ይሉታል። ረጅሙ ቱቦ ለብርዖቹ ነው፤ በጎኑ የተበየደችው ደግሞ የቀለሙ ማስቀመጫ ናት፤ ቱቦው መቀነት ውስጥ ሲገባ እሷ ከላይ ቀርታ ዕቃው ወደታች እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች። የባሩድ መያዣ ቢሆን ኖሮ ማፍሰሻ አፍ ይኖረው ነበር፤ የብርዕ ቱቦም አያስፈልገውም።

ፀጉር የመሰለህ ነገር ጥሬ ሐር ሳይሆን አይቀርም። በእስላሙ ዓለም የነበሩ ጸሐፊዎች ቀለሙን እንዲሁ በዕቃው ውስጥ አይሞሉትም፤ አስቀድመው የሐር ክር ድብልብል አድርገው ይከቱና ቀለሙን እሱ ላይ ያፈሱታል። ክሩ ቀለሙን መጥጦ ስለሚይዝ ሰውየው በበቅሎ ላይ ሆኖ ቢንገላታም፣ ክዳኑ ቢላላም ቀለሙ ልብሱ ላይ አይደፋም። ሌላም ጥቅም አለው፦ የብርዑ ጫፍ ሐሩን ሲነካ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ቀለም ይወስዳል፤ ከዕቃው ጠርዝ ጋርም ተጋጭቶ አይሰበርም።

ወደ ወሎ እንዴት መጣ ለሚለው፣ ባቲ ራሷ መልሱን ትጠቁማለች። የሰኞው ገበያ የደጋው ሰውና የአፋር ቆላ ሰው የሚገናኙበት ነው፤ ከዚያ የሚወርደው የሲራራ መንገድ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ያደርሳል። ለሐጅ የሄደ ወይም ማዶ ተሻግሮ የነገደ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ መመለሱ የሚጠበቅ ነው። አሁን አንድ ነገር ተመልከትልን፦ ሠሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን በዓረብኛ ፊደል በትንሽ ማኅተም ይመቱበታል፤ ቀለም ማስቀመጫዋን ከሥሯና ከክዳኗ በታች፣ ቱቦውን ደግሞ በጀርባው በኩል በብርሃን አጋድመህ እይ። በሎሚ ቢፈተግ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ማኅተም ነበር።

የሐይቅ ዳር ሰው፦

እኔ ደግሞ ከቤተ ክህነት በኩል ያለውን ልጨምር። በእኛ በኩል የቀለሙ ዕቃ ናስ ሳይሆን ቀንድ ነው። ቁም ጸሐፊው የበሬ ቀንድ አጽድቶ፣ ሹል ጫፉን በቤቱ አፈር ወለል ላይ ይተክለዋል፤ ቀንዱ እግርም መቀመጫም ሳያስፈልገው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት ቀንድ ጎን ለጎን ይተከላል፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። ጥቁሩ ለዋናው ጽሑፍ ነው፤ ቀዩ ደግሞ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም ምዕራፍ ሲጀመር ላሉት መስመሮች ነው። ጸሐፊው ጠረጴዛ አይፈልግም፤ ብራናውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል፤ ቀንዱም እጁ በሚደርስበት መሬት ላይ ስለሚተከል ሳያይ እንኳ ብርዑን ያጠቅሰዋል።

የዘመዶቻችሁ ጥርጣሬም መሠረት አለው፤ የባሩድ ቀንድና የቀለም ቀንድ በየቤቱ ተቀላቅለው ይገኛሉና። መለያው ቀላል ነው። የባሩድ ቀንድ ሰፊው አፉ በእንጨት ወይም በቆዳ ተደፍኖ ባሩዱ በቀጭኑ ጫፍ ይፈስሳል፤ ማንገቻም አለው። የቀለም ቀንድ ሰፊው አፉ ክፍት ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ ድፍን ሆኖ አፈር ሲነካው ከመኖሩ የተነሣ ተፍቆ ይታያል፤ ውስጡም በጥቁር ቅርፊት ተለብጧል።

የቀለሙ አሠራር ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት፣ እስኪከስል የተቆላና የተፈጨ እህል፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ሙጫና ውሃ ተደባልቆ ለወራት እየተማሰለ እንዲብላላ ይተዋል። ሲደርስም በሙሉ እንደ ፈሳሽ አይቀመጥም፤ ደርቆ እንደ ቂጣ ይሆንና ጸሐፊው በሚያስፈልገው መጠን እየቆረሰ በውሃ ይበጠብጠዋል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል በእኛ አቆጣጠር በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ መሆኑ በራሱ በመጽሐፉ ላይ ሰፍሯል። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ጽሑፍ ዛሬም መነበቡ የቀለሙን ጽናት ይመሰክራል፤ የብራናውንም ጭምር።

ስለ መስመሩ አንድ ነገር ልበልና ላቁም። ብራናው ከመጻፉ በፊት ጸሐፊው ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከዚያ ቀዳዳውን ከቀዳዳ እያገናኘ ያለ ቀለም በወስፌው ድንዝ ያሰምራል። አሮጌ ብራና ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ መስመሩ በጥላ ይታያችኋል፤ ከፊት ለፊት ግን የለም።

የዳውዬዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያደግሁት ቁርኣን በሚቀራበት ቤት ስለሆነ የሉሑን ነገር ላንሣ፤ የወረባቦው ወንድሜ አያት በናሱ ዕቃ ብቻ ይጽፉ ነበር ብዬ አላምንምና። ደረሳ ትምህርት የሚጀምረው በወረቀት አይደለም፣ በእንጨት ሉሕ ነው። ጠዋት አንቀጹ በሉሑ ላይ ይጻፍለታል፤ በቃሉ እስኪይዘው ይቀራዋል፤ ሲያውቀው ሉሑ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ ቀጣዩ ይጻፍበታል። የእጥበቱ ውሃ የተከበረ ቃል የነካው ስለሆነ ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ቀለሙ የጥላሸት ቀለም ስለሆነ ነው። ጥላሸት በጣም ደቃቅ ከሰል ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ የሚይዘው ሙጫው ነው። ሙጫው በውሃ ሲፈታ ከሰሉም አብሮ ይለቅቃል። እናቴ የድስት ጥላሸት በላባ ጠርጋ፣ የግራር ሙጫ በውሃ ዘፍዝፋ ስትለውሰው ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ እመለከት ነበር፤ ሙጫው ሲያንስ ጽሑፉ ደርቆ በጣት ይጠረጋል፣ ሲበዛ ደግሞ ቀለሙ እየተጎተተ ብርዑን ይይዘዋል፤ እሷ ልኩን የምታውቀው በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ነጥብ አድርጋ ስትደርቅ በማየት ነበር።

የሐይቅ ዳሩ ወንድማችን ከጻፈው ጋር ሳስተያየው የገዳሙ ቀንድና የቁርኣን ቤቱ ዕቃ ከአንድ ምድጃ ጥላሸት ሲቀዱ የኖሩ መሆናቸው ልቤን ይነካዋል። ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ መኖሩ የወሎ ሰው የሚያውቀው እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሕፈት ዕቃ በኩል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ልዩነቱ ስሕተት ሲታረም ነው፦ ብራና ላይ በቢላ ይፋቃል፣ ሉሕ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ሌላም አለ። የወሎ ዑለማዎች ዓረብኛ ብቻ አልነበረም የሚጽፉት፤ አማርኛውንም በዓረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ ይህም ዐጀም ይባላል። ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር በዚህ ዓይነት የደረሷቸው መንዙማዎች በሰፊው የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ካለ ዓረብኛ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው «ይህስ አይገባኝም» ቢላችሁ፣ አማርኛ ሊሆን ስለሚችል ድምፁን እያወጣ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት።

ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦

ልጆቼ፣ በውይይታችሁ በጣም ተደስቻለሁ። እኔ በመካከል የጠፋውን ዘመን ልሙላው፤ ከቀንድና ከናስ ወደ እስክሪብቶ በአንድ ጊዜ አልተዘለለምና።

አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉት በላባ ብዕር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ እነ ጆሳያ ሜሰንና ጆሴፍ ጊሎት የብረት ጫፍ በማሽን እየቆረጡ በሚሊዮን ማምረት ሲጀምሩ ጫፉ እጅግ ረከሰ፤ ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም በእሱ ተሞላ። ሆኖም የብረቱ ጫፍ ቀለም በውስጡ አይዝም፤ ጥቂት ቃላት ከተጻፈ በኋላ እንደገና መጥቀስ ያስፈልጋል። የብርጭቆ፣ የሸክላና የነሐስ ቀለም ማስቀመጫ በየጠረጴዛው የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ የማደንቀው የማይደፋ የተባለውን ነው፦ አፉ ከላይ ሰፍቶ ከታች እየጠበበ ወደ ውስጥ ጠልቆ የገባ ስለሆነ ዕቃው ቢገለበጥ ቀለሙ በዙሪያው ባለው ክፍት ቦታ ይከማቻል እንጂ ወደ አፉ አይደርስም። የኦቶማኑ ጸሐፊ በሐር የፈታውን ችግር እነሱ በብርጭቆው ቅርጽ ፈቱት።

እኔ ደሴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የቆዩት ዴስኮች በቀኝ ማዕዘናቸው ክብ ቀዳዳ ነበራቸው። በቀዳዳው ውስጥ ነጭ የሸክላ ፍንጃል ይገባል፤ ቀለሙ በዱቄት ይመጣና በውሃ እየተበጠበጠ በተራ ይሞላልናል። በግራ እጁ የሚጽፍ ጓደኛችን ግን በየጊዜው ክንዱን በደብተሩ ላይ አሻግሮ መጥቀስ ነበረበት፤ ያልደረቀውን ጽሑፍ በእጅጌው እየጠረገ ስንት ጊዜ ተቀጣ! ያ ቅጣት ለእሱ የተገባ እንዳልነበረ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ጥፋቱ የዴስኩ እንጂ የልጁ አልነበረም።

ከዚያ በውስጡ ቀለም የሚይዘው ብዕር መጣ። ዋተርማን በ1884 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ብዕር ቀለሙ ሲወርድ በምትኩ አየር እንዲገባ ስላደረገ ፍሰቱን የተስተካከለ አደረገው። ፓርከር ደግሞ ኩዊንክ የተባለውን ቀለሙን በ1931 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ፤ ብልቃጡ በየጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ባዶ ሲሆንም መድኃኒትና ሽቶ ይያዝበት ነበር። በእነዚህ ብዕሮች ላይ የጥላሸት ቀለም እንዳታደርጉ፤ ከሰሉ ቀጭኑን መውረጃ ይደፍነዋል። የቤታችን ቀለም ከየቤቱ የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ አዲሱ ብዕር የራሱን ቀለም ይዞ መጣ፣ አሮጌውን አልቀበልም አለ።

የመጨረሻውን የምታውቁት ነው። የሃንጋሪው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ያለውን እስክሪብቶ በ1938 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ፤ ማርሴል ቢክ ደግሞ በ1950 እ.ኤ.አ. ርካሹን ቢክ አወጣ። የቢክ አገር ፈረንሳይ እንኳ እስክሪብቶን በትምህርት ቤቶቿ የፈቀደችው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእጅ ጽሕፈት ያበላሻል ተብሎ ይፈራ ነበርና።

አባ ወራው፦

መምህር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እኔ ግን አንድ ሐሳብ አለኝ። ናስ ሲያብረቀርቅ ያምራል፤ ቤት ውስጥ ለእይታ የሚቀመጥ ከሆነ ቢጸዳ ምን ጉዳት አለው? እኛ ቤት የነበረውን ጀበና ማስቀመጫ ናስ በሎሚ ፈትገን አዲስ አስመስለነዋል።

ጦሳ ሥር፦

አባ ወራው፣ በየቀኑ የሚያገለግል ዕቃ ከሆነ ይጽዳ፤ ይህኛው ግን ማስረጃ ነው። ሎሚ አሲድ ስለሆነ የናሱን ላይ ይበላዋል፤ አመዱ ደግሞ ይፍቀዋል፤ ማኅተሙና ጥቃቅን ቅርጹ በዚያው ይሄዳል። ከዚያ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቅርፊቱ ነው። በዚያች ትንሽ ዕቃ ውስጥ የደረቀው ነገር ባለቤቱ የተጠቀመበት ቀለም ራሱ ነው፤ ዕቃው ቱርክ አገር ቢሠራም ቀለሙ የወረባቦ ምድጃ ጥላሸት ሊሆን ይችላል። ናሱን የሚመስል በሌላ አገር ሙዚየም ይገኛል፤ ያ ቅርፊት ግን ሌላ ቦታ የለም። አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃ ከታጠበ አለቀ።

ቀለሙ የጥላሸት ይሁን የብረት ለማወቅም ቅርፊቱን መንካት አያስፈልግም፤ በእሱ የተጻፈውን ወረቀት ማየት ይበቃል። የብረት ቀለም የሚባለው ኦክ በተባለው ዛፍ ላይ ነፍሳት እንቁላል ሲጥሉ ከሚያብጠው ፍሬ መሳይ ነገር፣ ከብረት ሰልፌትና ከሙጫ የሚሠራው ነው። ሲጻፍ ፈዛዛ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ዘመን ሲቆጠር ደግሞ ወደ ቡናማ ይለወጥና ወረቀቱን ከጀርባ በኩል እስኪታይ፣ አንዳንዴም እስኪበሳ ድረስ ይበላዋል። የጥላሸት ቀለም ጥቁር እንደሆነ ይኖራል፤ ወረቀቱን አይጎዳም፤ ጠላቱ እርጥበት ብቻ ነው።

ከቆዳ ከረጢቱ ግን ዛሬውኑ አውጣው። ቆዳው የተለፋበት ቅባትና አሲድ ናሱን ሲነካ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ያበቅላል፤ ቱቦው ከረጢቱን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ካየህ አታፋቀው፣ ከቆዳው መለየቱ ይበቃል። ከረጢቱንም አትጣለው፤ ለብቻው አስቀምጠው። ዕቃውን ግን በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለው፤ አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለው አስቀድሞ ሁለት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ ይታጠብና በደንብ ይድረቅ። ሐሩ እንዳይነቃነቅ ቀለም ማስቀመጫዋ ሁልጊዜ ወደ ላይ ሆና ትቀመጥ።

ስለ ነጋዴው ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ለውጭ ፈላጊ መሸጥ የዋጋ ጉዳይ አይደለም። ደሴ ሙዚየም በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተዘረፈ በኋላ በየቤቱ የቀረው ነገር ለወሎ ታሪክ ከቀድሞው ይልቅ ውድ ሆኗል። በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ባለቤትነትን አያሳጣም፤ ቤተሰቡ በእጁ ሊያቆየው ይችላል።

የወረባቦ ልጅ፦

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማኅተሙ አለ፤ ከቀለም ማስቀመጫዋ ሥር የጥፍር ስፋት የሌለው እንቁላል ቅርጽ ውስጥ የዓረብኛ ፊደል ይታያል፤ ገና አላነበብነውም። ከሣጥኑ ሥርም የተጣጠፈ ወረቀት አገኘን። በየዳውዬዋ እኅቴ ምክር አንድ ሸኽ ድምፃቸውን አውጥተው ሲያነቡት አማርኛ ሆነ! የበሬና የመሬት ውል ነው፤ ምስክሮች ተዘርዝረዋል። ከግርጌው «ረቢዑል አወል 1329» ይላል። ጽሑፉ ድፍን ጥቁር ነው፤ ከጀርባ አይታይም። ቤተሰቡ የአያቴ አባት ጽሕፈት ሳይሆን አይቀርም ይላል። ይህ በእኛ ስንት ይሆናል?

ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦

በሂጅራ 1329 ረቢዑል አወል በእኛ የካቲት መጨረሻና መጋቢት 1903 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ራስ ሚካኤል ደሴ ተቀምጠው ወሎን የሚያስተዳድሩበት ጊዜ ነው። ውሉ የአንድ ቤተሰብ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የበሬውን ዋጋ፣ የመሬቱን ወሰንና የምስክሮቹን ማዕረግ የሚያሳይ የዘመኑ ምስክር ነውና ቃል በቃል በፊደላችን አስገልብጣችሁ አስቀምጡት።

ጦሳ ሥር፦

መምህር እንዳሉት ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ዘመኑ የወረቀቱ እንጂ የዕቃው አይደለም፤ ናሱ ከዚያ ቀደም ብሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚነግረን ማኅተሙ ነው። ወረቀቱንም በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግተህ ተመልከተው። ከቬኒስ ለኦቶማን ገበያ ይመጣ የነበረው ወረቀት ሦስት ጨረቃ በውስጡ በውሃ ምልክት ይታይበታል፤ ሌሎችም ፋብሪካዎች የየራሳቸው ምልክት ነበራቸው። የውሃ ምልክቱንና ማኅተሙን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ያለ ፍላሽ አንሣቸው፤ ከአጠገባቸውም ማስመሪያ አስቀምጥና እዚሁ ላክልን። ማኅተሙን የምታነብ እኅታችን የዳውዬዋ ናት።

የዳውዬዋ፦

በደስታ። ፊደሉ በማኅተም ስለተመታ ተገልብጦ ሊታይ ይችላልና ፎቶውን በቀጥታም በግልባጭም ላክልኝ።